እትዬ በደወለች ቁጥር

ይድረስ ለእትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያዘዙልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሰው ሰጥተሽዋል? የጣሪያሽ ፍሳሽስ ተደፈነ? ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ ደህና ናት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፣ ልጃችን ደህና ናት፣ እኔም ከትንፋሼ በቀር ደህና ነኝ። ትንፋሽ የሌለው ሰው ደህና ነው የሚባል ከሆነ ማለቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን «የተከበርሽ እህቴ ሆይ» ብዬ ብጀምረው የፍርድ ቤት መጥሪያ መሰለብኝ። ሁለተኛውን ባለቤቴ አነበበችና «ይሄ እኮ ማመልከቻ ነው፤ ሥራ ልትጠይቃት ነው?» አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ሻይ ደፋሁበት። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ ሆን ብዬ ነው የደፋሁት። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ራስሽን ታውቂዋለሽ፤ እኔ «እትዬ፣ አንድ ነገር…» ከማለቴ አንቺ ጥያቄውንም መልሱንም ጨርሰሽ፣ ለሁሉም ሰላም በልልኝ ብለሽ ዘግተሽዋል። ደብዳቤን ግን ማንም አያቋርጠውም። ስለዚህ ቁጭ በይና እስከ መጨረሻው አንብቢው። እንደ ተማሪዎችሽ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ እንዳትመልሺልኝም እለምንሻለሁ። ያለፈውን «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የእጅ ጽሑፍህ ግን ወርዷል» ብለሽ ከአሥር ስድስት የሰጠሽኝን ልጄ አይታ እስከ ዛሬ መሳቂያ አድርጋኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ቤቱን ለባለቤቱ አስረክቤ፣ ጓዜን ጠቅልዬ፣ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ፤ ከእንግዲህ እናንተ ቤት ሆኜ አስምህን እኔው ራሴ አስታምምሃለሁ» የሚለው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ራሴ» የምትለዋ ቃል ሥር ሁለት ጊዜ አስምረሽባታል። ያነበብኩት ሥራ ቦታዬ፣ ግማሽ ልብሱ የተገፈፈ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። «ጓዜን ጠቅልዬ» ጋ ስደርስ አንድ ሰው ደረቴን በገመድ ጠፍሮ ወደ ኋላ የሚስበኝ መሰለኝ። «እኔው ራሴ» ጋ ስደርስ ማፏጨት ጀመርኩ። የደረቴ ፉጨት እንደዚያን ቀን ጎልቶ አያውቅም፤ ወንበር ሊያሳድስ የመጣ ደንበኛ ስልኬ የጠራ መስሎት «አንሳው እንጂ ሰውዬ» አለኝ። ማንን ላንሳ! ባለቤቴ ተጠርታ መጥታ ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

አትደንግጪ፣ ተርፌያለሁ። አትደንግጪ የምልሽ በነገው አውቶቡስ ተሳፍረሽ እንዳትመጪ ነው።

እትዬ፣ ያለፈውን አንድ ዓመት እስቲ አብረን እናስታውስ። አስሜ ሲብስብኝ አንቺ እዚያው ሆነሽ በስልክ ምርመራ ጀመርሽ። የመጀመሪያዋ ተከሳሽ ድመታችን ነበረች። «ፀጉሯ ነው፤ ዛሬውኑ ትውጣ» አልሽ፤ ወጣች። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ወሰዳት። ከፀጉር ነገር ሸሽታ ፀጉር ቤት ገባች ማለት ነው። አሁን እንደ ትራስ አብጣ በሩ ላይ ተጋድማለች፤ በዚያ ሳልፍ አላውቅህም ብላ ፊቷን ታዞርብኛለች። ቀጥሎ ምንጣፉ ተከሰሰ፣ ወጣ። ከዚያ መጋረጃው ወረደና ምን ለብሼ እንደምተኛ መንደሩ ሁሉ አወቀ። የባለቤቴ ሽቶ ለእህቷ ተሰጠ፤ እሱን ስትሰጥ እኔን ያየችበትን ዓይን አልነግርሽም። ሽንኩርት መጥበስ ክልክል ተባለ። ሦስት ወር ሙሉ የተቀቀለ ስንበላ ልጄ «አባዬ፣ የታመምከው አንተ፣ ሆስፒታል የተኛነው እኛ» አለችኝ። አፏ ማንን እንደሚመስል አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ሶፋው ቀረ። ለሠርጋችን የሰጠሽን ቀዩ ከፋይ ሶፋ። መቼም ሶፋ ለሚሠራ ሰው ሶፋ የሚሰጥ ከአንቺ ሌላ የለም፤ ያውም «የዘመድ ሥራ ቶሎ ይላቀቃል» ብለሽ ከተፎካካሪዬ ሱቅ ገዝተሽ! ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዳ እየገባ «ይሄን ራስህ ነህ የሠራኸው?» ባለኝ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ውሸትም ሆነ እውነት ብናገር የምዋረደው እኔ ነኝ። አንቺ «ሶፋው አይነካም፤ እሱ ንጹሕ ነው» ብለሽ ነበር። አሁን ልናዘዝልሽ ነው፦ ነካሁት። ጀርባውን ሰንጥቄ ሆዱን አየሁት። አንድ ቁና አቧራ፣ አራት የፀጉር መርፌ፣ የልጄን አንድ ካልሲና የትምህርት ቤት ፊሽካሽን አገኘሁ። አዎ፣ ያንኑ ፊሽካ፤ ልጅህ እንድትጫወትበት ሰርቀኸኝ ነው ብለሽ አንድ ዓመት ሙሉ የኮነንሽኝን። ስፖንጁን በሙሉ ቀየርኩ፣ ሞላዎቹን አጠበቅሁ፣ መልሼ ሰፋሁት። ከውጭ ሲያዩት አይታወቅም። ከውስጥ ግን አሁን ሶፋ ሆኗል።

ትንፋሼ ግን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ መጋረጃ በሌለው መስኮት ሥር፣ ሽታ በሌለው ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳፏጭ ባለቤቴ ዙሪያውን ቃኘችና «እንግዲህ የቀረነው እኔና ግድግዳው ነን፤ ማንኛችን እንውጣ?» አለችኝ።

አንቺ ግን አንድ ተከሳሽ ቀርቶሽ ነበር፤ ሙያዬ። «አቧራው ነው የገደለህ። ሶፋውን ትተህ ንጹሕ ሥራ ያዝ፤ አንድ የማውቀው ኃላፊ ጋ መዝገብ ቤት አስገባሃለሁ» አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን መዶሻ ላስቀምጥ በአንዲት እሺ ተስማማሁ። እሺ ማለቴንም ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

አንድ ሌላ ኃጢአትም አለብኝ። «ያ ፓፍ የሚሉት ነገር ሱስ ነው፤ አንዴ ከለመድከው አይለቅህም» ያልሽኝን ታስታውሺያለሽ? ያን ጊዜ ላንቺ «ትቼዋለሁ» አልኩሽ። ለጤና ጣቢያችን ዶክተር ደግሞ «ጠዋትና ማታ ሳላጓድል እስባለሁ» አልኳት። ሁለታችሁንም ዋሸሁ። የሰጠችኝ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሕመም ኖረም አልኖረም በየቀኑ የሚሳብ፣ ሌላው ሲብስ ብቻ። እኔ በየቀኑ የሚሳበውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ፣ የጭንቁን ብቻ ሽንት ቤት ገብቼ ሲጃራ እንደሚደብቅ ተማሪ እየተደበቅሁ እስብ ነበር። አንድ ቀን ልጄ በሩን አንኳኳችና «አባዬ፣ ታጨሳለህ እንዴ?» አለችኝ። «መድኃኒት ነው» አልኳት። «ታዲያ ምን ያስደብቅሃል?» አለች። ምን ልበላት? አክስትሽ ከዚያች ከተማ ሆና ታየኛለች ልበላት?

ወደ ዶክተሯ ልምጣልሽ። ልጅ እግር ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲያወራ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የምትሰማ። ካሁን ቀደም ያየኝ ሐኪም ሁሉ የሚጽፈውን እየጻፈ ነው የሚሰማኝ፤ እሷ ስትሰማኝ ግን ግራ ገባኝ። ደብተር እንድገዛ አዘዘችኝ። «ለአራት ሳምንት ትንፋሽዎ ባጠረ ቁጥር ቀኑን፣ የት እንደነበሩ፣ ምን እንደሸተተዎና ምን እንደተፈጠረ ይጻፉ። ደህና የሆኑበትንም ቀን አይዝለሉ» አለችኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ የማውቀው ጽሑፍ የደንበኛ ትእዛዝ መቀበያ ብቻ ስለሆነ እንደዚያው አድርጌ ሞላሁት። ከዚያው እየገለበጥኩ ልጻፍልሽ፦

«ሰኞ። የተሠራ ሥራ፦ የአሮጌ ፍራሽ መፍታት። አቧራ፦ እስከ ጉልበት፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኗል። ትንፋሽ፦ ደህና።

ረቡዕ። ጎረቤት ሽንኩርት ጠበሰ። ትንፋሽ፦ ደህና፤ ምራቅ፦ ብዙ። በስምንት ሰዓት እትዬ ደወለች። ትንፋሽ፦ የለም።

ዓርብ። ድመቷ ከፀጉር ቤት መጥታ እግሬ ላይ ተኛች። ትንፋሽ፦ ደህና። ለእትዬ አይነገር።

እሑድ። የተሠራ ሥራ የለም። እትዬ በሦስት ሰዓት ትደውላለች ብዬ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አፏጨሁ። በሦስት ሰዓት ደወለች።»

ዶክተሯ ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠችው። ሳቋን በጉንጯ ይዛ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ከዚያ «እትዬ ማን ናቸው?» አለችኝ። ከአሥራ አንዱ ሕመሜ ስምንቱ አንቺ የደወልሽበት ወይም ትደውላለች ያልኩበት ቀን ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ጉንፋን ነው፤ አንዱ አውቶቡስ ላይ ለመድረስ ስሮጥ። ድመቷ ነጻ ወጣች፤ መጋረጃውም ነጻ ወጣ።

እኔ ግን ተቆጣሁ። «ዶክተር፣ እህቴ እኮ አቧራ አይደለችም! ምን የመሰለች እህት!» ብዬ ጮኽኩባት። ስላንቺ ስከራከር ደረቴ ሲያፏጭ እሷ እስክሪብቶዋን አነሳችና ያንንም ደብተሩ ላይ ጻፈችው። ዘጠነኛ ማለት ነው።

ከዚያ «ስልኩ ሲጮህ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። እነሳለሁ አልኳት። «ወዴት?» አለች። የትም፤ ተነስቼ እቆማለሁ አልኳት። «ከዚያስ?» የሸሚዜን ቁልፍ እዘጋለሁ። «ከዚያስ?» ተናግራ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። «በዚህ ሁሉ ጊዜ ይተነፍሳሉ?» አለችኝ። እትዬ ሙች፣ አርባ ስምንት ዓመት ስኖር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም! «እስቲ አሁን ደወሉ እንበል» አለችኝና ተነስቼ ቆምኩ፤ ቁልፌን ዘጋሁ። እሷ ሰዓቷን አየች። ሃያ አንድ ሴኮንድ ያለ ትንፋሽ ቆይቼ ነበር፤ ያውም አንቺ ሳትኖሪ።

ያስረዳችኝን እኔ እንደገባኝ ላስረዳሽ። አስሜ ውሸት አይደለም። የሳንባዬ ቧንቧ እውነትም የተቆጣ ነው፤ አቧራም ጉንፋንም ይነካካዋል። ጭንቀት ሲመጣ ግን ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ደረት ይጨመደዳል፣ ያ የተቆጣ ቧንቧ ይብሱን ይጠብባል። ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ ሰው ይፈራል፤ ሲፈራ ትንፋሹ የባሰ ያጥራል። እየተቀባበሉ ይጫወቱብኛል ማለት ነው። ፓፉ ሱስ እንዳልሆነ ምላ ነገረችኝ፤ የየቀኑን ባለመውሰዴ ግን ሰውነቴን ለዚህ ሁሉ አጋልጬው ኖሬያለሁ። ሙያህን ተው አላለችኝም፤ አፍህን ሸፍን፣ አቧራውን በውሃ አርጥብ፣ መስኮት ክፈት ነው ያለችኝ። በመጨረሻ «ይሄን ያህል የሚያስጨንቅዎ እህትዎ ምን ሲሉዎት ነው?» አለችኝ። «እሷ የምትለው አይደለም፤ እኔ እሺ ስል ነው» አልኳት። ከአፌ ወጥቶ ነው እንጂ እኔም አላውቀውም ነበር።

እትዬ፣ እዚህ ጋ ደብዳቤውን አስቀምጠሽ እንዳትነሺ። ክፉ ሆነሽብኝ አይደለም። እናታችን ከሞተች ጀምሮ እናትም አባትም ሆነሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ባል ሳታገቢ የቀረሽው በእኔ ጦስ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ለእንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተብሎ እንቢ ይባላል? ድመቷ ትውጣ፣ እሺ። ሽንኩርቱ ይቅር፣ እሺ። መዝገብ ቤት ግባ፣ እሺ። እሺታው ደረቴ ላይ እየተከመረ ለአየር ቦታ አሳጣኝ።

ዶክተሯ አይሆንም ማለትን እንድለማመድ መከረችኝ። ባለቤቴ በደስታ አንቺን ልትሆን ተነሳች፤ ደስታዋ ትንሽ በዝቶብኝ ነበር። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ዙሪያዬን አንዴ ዞረችና «ጥፍርህን አሳየኝ» አለች። አሳየኋት እኮ! አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ጥፍሬን አሳየኋት። ልጄ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ባለቤቴ ሳትስቅ «ከእኔ የደበቅከው ነገር አለ?» አለች በአንቺ ድምፅ። እኔ ከንቱ ሶፋውን እንደከፈትኩ፣ ፓፉን በድብቅ እንደምስብ፣ መዝገብ ቤት ለመግባት እሺ እንዳልኩ አንድ በአንድ ዘከዘክሁላት። ባለቤቴ መነጽሯን አወለቀች። «የምን መዝገብ ቤት?» አለች በራሷ ድምፅ።

የዚያን ዕለት የሆነውን በዚህ ደብዳቤ አልጽፈውም። ሽንኩርት ተጠበሰ፣ መጋረጃው ተሰቀለ፣ ሽቶ ተገዛ ብልሽ ይበቃል።

እንግዲህ ወደ ባለፈው እሑድ ልምጣ። ስትደውዪ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጬ አነሳሁት። ዶክተሯ እንዳለችው እግሬን መሬት አስነክቼ፣ በአፍንጫዬ ስቤ ቀስ ብዬ እየለቀቅሁ፣ «አይሆንም፣ እኛ ቤት አትመጪም» የሚለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ። ባለቤቴና ልጄ ፊት ለፊቴ ተደርድረው በእጃቸው አይዞህ ይሉኛል። አንቺ ስለ ሳንዱቅሽ፣ ስለ ቁም ሳጥንሽ፣ አልጋሽ በየትኛው መስኮት ሥር እንደሚሆን መናገር ጀመርሽ። እኔም ትንፋሼን በመያዝ ሥራ ስላልተጠመድኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንቺን ትንፋሽ ሰማሁት።

ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ፣ ታቆሚያለሽ፣ አየር ትፈልጊያለሽ፣ ደግሞ ትጀምሪያለሽ። «ምነው እትዬ?» አልኩሽ። «ደረጃ ወጥቼ ነው» አልሽኝ።

እትዬ፣ ያንቺ ቤት ደረጃ የለውም።

ሰላም በልልኝ ብለሽ ዘጋሽ፤ እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ባለቤቴ «ነገርካት?» አለችኝ። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሽ ወዲህ ስንት ጊዜ «ደረጃ ወጥቼ ነው» እንዳልሽኝ ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር። ከዚያ፣ ይቅርታሽን ልለምን፣ ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ ደወልኩ። መጀመሪያ «ምንም የለም፤ ደህና ናቸው» አለችኝ፤ ሲበዛባት ግን አለቀሰችና ነገረችኝ። በየጠዋቱ የሥራ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ቦርሳሽን አንግተሽ በርሽ ላይ ትቀመጫለሽ አሉ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲሰማ ደረትሽን ትይዢያለሽ። ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ወስዳሽ ልብዎ ጤነኛ ነው ብለው መልሰውሻል። ለእኔ ትንፍሽ እንዳትል አስምለሻታል፤ እሷን አትቆጪያት፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

ስለዚህ ለምን ጓዝሽን እንደጠቀለልሽ አልጠይቅሽም። እኔን ለማስታመም ነው ብለሻል፤ እንዳልሽ ይሁን።

ቢሆንም አይሆንም። ይኸው ጻፍኩት። እኔን ልታስታምሚ አትመጪም። ሚስት አለችኝ፣ ዶክተር አለችኝ፣ ፓፍ አለኝ፤ እሱንም ካሁን ወዲያ ሳሎን ተቀምጬ እግሬን አጣምሬ ነው የምስበው። መዝገብ ቤት አልገባም፤ ለኃላፊው ወዳጅሽ ይቅርታ በይልኝ። የምበላውን አትመርጪልኝም። ድመቷም፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ትመለሳለች፤ የሚያሳስበኝ ፀጉር አስተካካዩ አልለቃትም እንዳይል ነው።

እኛ ቤትም አትኖሪም። ከእኛ አጠገብ ትኖሪያለሽ። ከደጃችን ሦስተኛው በር፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት አንድ ሰፊ ክፍል ተከራይተንልሻል። ባለቤቴ ናት ያገኘችው፤ የግድግዳውን ቀለምም እሷ መረጠች፤ እኔን ማን አማክሮኝ! የራስሽ በር፣ የራስሽ ቁልፍ ይኖርሻል። ስትፈልጊን ታንኳኪያለሽ፣ ስንፈልግሽ እናንኳኳለን፤ እኛም አንቺም ሳናንኳኳ አንገባም። እዚህ ላይ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስምርበት ብላኛለች።

ሰኞ ዶክተሯ ትጠብቅሻለች። ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ልብ ጤነኛ ነው ማለት ሰውየው አልታመመም ማለት አይደለም፤ ደረትንም ደግሜ አየዋለሁ፣ ጭንቀትም ከሆነ የሚታከም ሕመም ነው ብላለች። እሷ ፊት «እኔ ደህና ነኝ፤ ወንድሜን እዪልኝ» ብትዪ እመሰክርብሻለሁ። ደግሞም አታሞኚያትም፤ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነው የምትሰማው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ልጃችን ባለፈው ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ጫማዋን በየጠዋቱ ሦስት ሆነን ነው የምንፈልግላት። እንቁላል ልቀቅል ብላ ውሃው አልቆ ድስቱን አሳረረችው። ትናንት ጉንፋን ይዟት «እማዬ፣ ሞትኩ» እያለች እናቷ ጭን ላይ ስታለቅስ ዋለች። በር ላይ ቆሜ እያየኋት ስስቅ ድንገት ሳቄ ተቋረጠ። እናታችን ስትሞት ያንቺ ዕድሜ ይሄ ነበር። እኔ እስከ ትናንት ድረስ ያሳደገኝ ትልቅ ሰው ነበር የሚመስለኝ።

ያኔ ማታ ማታ ትንፋሽ ሲያጥረኝ በጀርባሽ አዝለሽኝ ጤና ጣቢያ ስትሮጪ፣ ጆሮዬን ትከሻሽ ላይ ለጥፌ ልብሽ ሲደልቅ እሰማው ነበር። ስለሮጥሽ ነበር የሚመስለኝ። ፈርተሽ እንደነበር ትናንት ነው ያወቅሁት።

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ። አትምጣ ብትዪም እመጣለሁ። ሳንዱቁን እንዳታነሺው።

እስከዚያው ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ዕንቅልፍሽን የሰላም ያድርገው፤ ዕድሜሽን ከእኛ ዕድሜ ቀንሶ ይጨምርልሽ። ባለቤቴና ልጄ ጉንጭሽን ይስማሉ።

አዝለሽ ያሳደግሽው
ታናሽ ወንድምሽ